ዶክተሩ እጅህን ይዞ ዝም ካለ

በየከተማው አንድ ሰው አለ፤ ሰላም ሊልህ መጥቶ ሬሳህን ለክቶ የሚሄድ። አንተ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ስትል እሱ "ዓይንህ ግን ምነው ቢጫ ሆነ?" ይልሃል። "ከሳህ" ይልሃል፤ ካልከሳህም "አበጥክ" ይልሃል። ጎረቤቱ ባስነጠሰ ቁጥር ዘመድ ይጠራ የሚል፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ተረኛ በዓይኑ የሚፈልግ፣ ያን ሰው ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ሂዱ፣ አለ። ሆሳዕና ሂዱ፣ አለ። ሰው የሚታመምበት አገር ሁሉ እሱም አለ።

የእኛ ወልቂጤ ግን ዕድሏ ነው፣ የእሷው የተማረ ነው።

ክቡር ዶክተር ሸዋንግዛው፣ የጡንቻ ሊቅ፣ የቄራ ቋሚ ደንበኛ፣ የወልቂጤ ሕዝብ እጅ ያዥ! ዶክተር ሲባሉ ሐኪም እንዳይመስሏችሁ። መርፌ አይወጉም፣ ኪኒን አያዙም። ዶክተርነታቸው የጡንቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፤ ከማስተማሩ በተረፈ ደግሞ በልብና በክንድ ጡንቻ ውስጥ ያለች አንዲት ሴል "አሁን ተኮማተሪ" የሚለው መልእክት እንዴት እንደሚደርሳት ሲያጠኑ ሃያ ዓመት ሞልቷቸዋል። ይህን ለከተማው ሰው ማስረዳት ግን ዘበት ነው። ዶክተር ተብሏል፣ አለቀ። ያበጠ ጉልበት ይመጣላቸዋል፣ ያስመለሰው ሕፃን ይመጣላቸዋል፣ አንዴማ አልጸንስ ያለች ላም መጥታላቸዋለች። ሁሉንም "እኔ ሐኪም አይደለሁም" ብለው ይመልሳሉ፤ ከመመለሳቸው በፊት ግን እጁን ይይዛሉ። የላሚቱን ምኗን እንደያዙ አላውቅም።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። በዚህ ዓምድ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ሳማ ስለ ራሴ ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባችሁም። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚባለው በእኔ ነው። መርፌ እፈራለሁ፣ ገደል እፈራለሁ፣ ባጃጅ እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ ልቤን እፈራለሁ። ስትመታ ከሰማኋት እደነግጣለሁ፤ ካልሰማኋት ደግሞ ይብሳል። አምሳ ሰባት ዓመት ስኖር የገዛ ደም ስሬን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ነክቼ ባጣውስ?

እንዲህ ያለ ሰው ከዶክተር ሸዋንግዛው ጋር በአንድ ሰፈር መኖር አልነበረበትም። ግን ኖርኩ። አጥር ለአጥር ነን።

ጠዋት ጠዋት ዶክተሩን የምታገኙት ቄራ በር ላይ ነው፤ አይስቦክሳቸውን ታቅፈው። የቄራው አራጅ ኪዱ "ሰው ሁሉ ሽንጥ፣ ሻኛ እያለ ሲጋፋ እኚህ ሰውዬ ብቻ ልብ ይላሉ" ይለኛል። ልቡ ደግሞ ትኩስ መሆን አለበት፤ ከበሬው ደረት ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ላብራቶሪ ካልገባ ለጥናት አይሆንም። አንድ ቀን ለከተማው አዲስ የሆነ የባጃጅ ሹፌር አገኙ። ዘለው ገቡና "ንዳ! ንዳ በእናትህ! ልቡ እየሞተ ነው!" አሉት። ልጁ ወደ ኋላ ሳያይ፣ ጡሩምባውን ሳይለቅ፣ ፍየልና ጋሪ እየበተነ በረረና ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አወረዳቸው። አልጋ እየገፉ የወጡት ነርሶች አይስቦክሱን ሲከፍቱ ያዩትን ዛሬም ያወራሉ።

ካላየሁ አላምንም ብዬ አንድ ጊዜ ላብራቶሪያቸው ገብቼ ነበር። ምን ቀልቤን ነሳኝ! የክብሪት እንጨት የምታህል የልብ ቁራጭ፣ ጨዋማ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ በክር ተንጠልጥላለች። በሬው እንግዲህ ተበልቶ አልቋል፣ ቆዳው ተሽጧል። ዶክተሩ አንዲት ቁልፍ ሲነኩ ቁራጯ እጥፍ አለች። እንደገና፣ እጥፍ። "በስመ አብ!" ብዬ ወደ በሩ ሸሸሁ። ዶክተሩ ግን የልጃቸውን የመጀመሪያ እርምጃ የሚያይ አባት መስለው ቆመዋል።

"ጋሽ ፈቃደ፣ አይፍሩ" አሉኝ። "ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም በሚባል ማዕድን ነው፤ እሱን ቆጮ ይበሉት። ማንኛውም ጡንቻ ጉድጓድ ውስጥ የቀበረው ቆጮ አለው። ሊሠራ ሲል ያወጣዋል። የክንድዎ ጡንቻ በሩ ሲንኳኳ ብቻ ጉድጓዱን ይከፍታል። ልብ ግን ማንኳኳት አይበቃትም። ትንሽ ቆጮ ይዞ ከውጭ የሚገባ እንግዳ ትፈልጋለች። እሱ ሲገባ ነው የራሷን የምታወጣው።"

"እንግዳው ቢቀርስ?"

"አትመታማ።"

እንዲህ ነው የሚሉት፣ ዋጋ እንደሚነግር ባለሱቅ። "አትመታማ።" እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቴ ውስጥ እንግዳ እየመጣ ነው ወይስ ቀርቷል ስል እኖራለሁ።

ዋናው ጣጣ ግን ሰላምታቸው ነው። የእኛ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም። እጅ ከተያዘ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እንሰቱ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድም፣ ወንድም ያገባት ሴት ሳይጠየቁ አይለቀቅም። ዶክተሩ ይህን ደግ ባህል መሣሪያ አደረጉት። ቀኝ እጃቸው ይጨብጥሃል፣ ግራ እጃቸው አንጓህ ላይ ትወጣለች፣ አፋቸው ስለ እንሰትህ ይጠይቃል፣ ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ ነው። መልስ ልትሰጥ አፍህን ስትከፍት "አንዴ ዝም!" ይሉሃል። ራሳቸው ጠይቀው! ደቂቃው ሲሞላ እጅህን ይለቁና "ሰባ ሁለት! ጡንቻ አይዋሽም!" ብለው አስመስግነውህ ይሄዳሉ። ሠርግ ላይ ሙሽራውን ቆጥረውታል፤ "መቶ ሃያ፣ ምን አስፈራህ?" አሉት በሙሽሪት ፊት። ለቅሶ ላይ አስለቃሿን ይዘው "ስድሳ ስምንት፣ አላዘንሽም" ብለዋታል።

ባለፈው ሚያዝያ ቄራ ውስጥ ቢላ ስቶ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ሰነጠቀባቸው፤ ሌባ ጣትና መሐል ጣት። ቁስሉ ደረቀ፣ ጣቶቹ ግን ደነዘዙ። እሳት ቢነካቸው አይሰሙም። ተገላገልን ብለን ነበር። እሳቸው እቴ! ሳምንት ሳይሞላ እንደ በፊቱ አንጓችንን መያዝ ጀመሩ።

ከዚያ ነሐሴ ላይ ዝምታው መጣ።

መጀመሪያ የደረሰበት ልብስ ሰፊው ሙዝደሊፋ ነው። ዶክተሩ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡ፣ እጁን ያዙ፣ "አንዴ ዝም!" አሉት፣ ቆጠሩ። ቁጥር አልተናገሩም። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ እጁን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለትና ወጡ። "ወላሂ ጀናዛዬን አየሁት" አለኝ ሙዝደሊፋ። ያን ቀን የጀመረውን ሱሪ አንድ እግሩን ከሌላው አስረዝሞ ሰፋው። ከእሱ ቀጥሎ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ። ከእሷ ቀጥሎ ሁለት መምህራን፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ የቀበሌው ጸሐፊ። ሁሉንም ያዙ፣ ሁሉንም ዝም አሉ።

ከተማው ታመሰ። "ዶክተሩ እጅህን ይዞ ዝም ካለ ሠላሳ ቀን አለህ" የሚል ወሬ ወጣ። ከየት እንደወጣ እግዜር ይወቀው፣ ብቻ ዝም ከተባሉት አንዱ ሽማግሌ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አረፉ። ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነበር፣ ግን ማን ይሰማል? ዕድር ገብቶ የማያውቅ ሁሉ ተመዘገበ። የተጣላ ታረቀ። ዶክተሩ በአንዱ ጥግ ብቅ ሲሉ መንገዱ በሙሉ እጁን ኪሱ ይከታል፤ ኪስ የሌለው ብብቱ ውስጥ። ሕፃን የታቀፉ እናቶች የሕፃኑን እጅ ሳይቀር ይሸፍናሉ። እኔ አጥር ለአጥር ነኝና በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ።

ከዚህ ዓለም ግን በጓሮ በር አይወጣም። መስከረም አራት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ያዙኝ። እንኳን አደረስዎ ሲሉኝ ረስቼ እጄን ዘረጋሁ፤ አዲስ ዓመት ነዋ!

ቆጠሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቆመ። ቀጠለ። "ሌላኛውን ይስጡኝ" አሉ። ሰጠሁ። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ግንባራቸው ላብ አወጣ። ከዚያ እጄን ለቀው፣ ራቅ አድርገው ወደ ቀቤና ተራሮች እያዩ፣ "ጋሽ ፈቃደ፣ ትንሹ ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?" አሉኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ይህ ጥያቄ ነው?

ቤት እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ባለቤቴ ምሥራቅ የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ነገር አታስረዝምም።

"ምን አለህ?"

"ምንም አላለኝም!"

"እና ምንም ካላለህ?"

"እሱ ነው የገደለኝ! ምንም አላለኝም እኮ ነው የምልሽ!"

"ታዲያ ሂድና ጠይቀው።"

"ከጠየቅኩት ይነግረኛላ!"

ስድስት ቀን እንዲህ ኖርኩ። ደረጃ አልወጣሁም፣ ጮክ ብዬ አልሳቅሁም፣ ክትፎ ሲቀርብልኝ የተንጠለጠለችው ቁራጭ እየታየችኝ ሳህኑን ገፋሁ። ክትፎ የገፋ ጉራጌ ካያችሁ ሐኪም አያስፈልገውም፣ ቄስ ጥሩለት። የሚያንገበግበኝ ደግሞ መስቀል ነው። የተያዝኩ ዕለት ለአሥራ ሰባት የቀረው አሥራ ሦስት ቀን ነበር፤ ሽማግሌው ግን አሥራ ሁለተኛውን አላለፉም። አገና አባቴ ቤት ለመስቀል ሳልገባ የቀረሁበት ዓመት የለም፤ በደርግ ጊዜ ከወታደር ቤት ፈቃድ ለምኜ ገብቻለሁ። በእኛ አገር ለመስቀል የቀረ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሆነው፣ ሞቷል። ሰበብ የለም። ሞቼ ልቀር ነው እያልኩ ግድግዳ አያለሁ።

በሰባተኛው ቀን ምሥራቅ አላስችላት ብሎ ዶክተሩን ራሷ ጠራቻቸው። መጡ፤ ደብተር ይዘው። እኔ ወደ መኝታ ቤት ልገባ ስል በጃኬቴ ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ዶክተር፣ ባሌ ይሞታል አይሞትም? አንዱን ይንገሩን" አለቻቸው።

ዶክተሩ ደብተሩን ገለጡ። "ሠላሳ አንድ ሰው" አሉ። "ከነሐሴ ጀምሮ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስት ጊዜ ይመታል፣ አራተኛው ይቀራል። ሰሞኑን ደግሞ ሁለት ተከታትሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰው ላይ አይቼ አውቃለሁ፣ አንድ ከተማ ላይ አላውቅም። ውሃው ይሁን፣ ጨው ይሁን አላወቅሁም። ሳላውቅ ተናግሬ ሕዝብ ላሸብር አልፈለግሁም።"

"ዝም ብለው ነው ያላሸበሩት?" አለች ምሥራቅ።

"ፈርቼ ነው እንጂ እመቤት። እንቅልፍ የለኝም። ከጭንቀቱ የተነሳ ደረጃ ስወጣ ሁሉ ያዞረኝ ጀምሯል።"

ምሥራቅ ትክ ብላ አየቻቸው። "እርስዎም ከስተዋል" አለች። ከዚያ የልብ ምርመራ የት እንዳለ ጠየቀቻቸው። ቡታጅራ ውስጥ የዶክተሩ የድሮ ተማሪ የሆነች ሲስተር ፈትሂያ አለች፤ በአንድ የግል ክሊኒክ የልብ ማንበቢያውን ማሽን፣ ኢሲጂ የሚሉትን፣ የምታሠራ። እጇን እንደሚያምኑ ዶክተሩ ተናገሩ። "እንግዲያው ነገ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ" አለች ምሥራቅ። አለቀ።

በማግስቱ መስከረም አሥራ አንድ፣ በአገና በኩል ተራራውን የሚያቋርጠው ሚኒባስ ላይ ወጣን። ዶክተሩ አጠገቤ ተቀምጠው አንጓዬን ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ አለቀቁም። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ጭጋግ ነው፣ ከጎማው ሥር ገደሉ ይታየኛል፣ እሳቸው በየደቂቃው "ቀረች... አሁንም ቀረች" ይላሉ። የትኛውን ልፍራ? ፍርሃቶቼን ተራ አስያዝኳቸው፤ ጥምዝምዙ ላይ ገደሉን፣ ሜዳው ላይ ልቤን።

ፍርሃቱን ለመርሳት ብዬ ጠየቅኋቸው። "ዶክተር፣ ይህ ሰው እጅ መያዝ ከየት ነው የመጣብዎ? እናትዎ በልብ በሽታ ሞተው ነው አይደል?" ዓምድ ጸሐፊ ነኝና የሚያሳዝን መነሻ ፈልጌያለሁ።

"ኧረ አሉ!" አሉ። "ወርቅውሃ ይባላሉ። ጉንችሬ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው ስልሳ አራት ትመታለች፣ ከእኔ ይበረታሉ። እኔ እንዲሁ ነው የምወደው። ሰው ውስጥ ሆኖ ዝም ብሎ የሚሠራ ነገር መስማት ደስ ይለኛል።" ሚስት እንደሌላቸው፣ ልጅ እንደሌላቸው፣ ለመስቀል ግን ጉንችሬ እናታቸው ዘንድ ሳይገቡ ቀርተው እንደማያውቁም ያኔ ነገሩኝ።

ክሊኒኩ ደረስን። ሲስተር ፈትሂያ ቀልጣፋ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች የምትሮጥ ሴት ናት። አስተኛችኝ፣ ደረቴ ላይ የሚቀዘቅዝ ነገር ቀባች፣ ሽቦ ለጠፈች። ዓይኔን ጨፈንኩ። አባታችን ሆይን ጀመርኩ፣ መሐሉ ጠፋብኝ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

"አቶ ፈቃደ" አለች፣ "ልብዎ ምንም አልሆነ። የጎረምሳ ልብ ነው።"

"ማሽኑ ተሳስቷል!" አሉ ዶክተሩ። አንጓዬን አልለቀቁም። "ይኸው ይዤዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ቀረች! አሁን፣ አሁን ቀረች! ጡንቻ አይዋሽም!"

ፈትሂያ ማሽኑን አየች። የእኔ መስመር ሳይዛነፍ እየሄደ ነው። ከዚያ የዶክተሩን እጅ አየች።

"ዶክተር፣ አንደኛ ዓመት ሆነን መጀመሪያ ያስተማሩን ነገር ምን ነበር?"

ዶክተሩ እጃቸውን አዩ። አንጓዬ ላይ ያረፈው አውራ ጣታቸው ነው።

የማታውቁ ካላችሁ እኔም ያን ቀን ነው የተማርኩት። አውራ ጣት የራሱ ኃይለኛ ትርታ አለው። በአውራ ጣት የሰው ደም ስር የቆጠረ የራሱን ነው የሚቆጥር። ለዚህ ነው በሌባና በመሐል ጣት የሚቆጠረው። የዶክተሩ ሁለት ጣቶች ደንዝዘዋል፤ እጃቸው ሳያማክራቸው ትርታ ወደሚሰማበት ጣት ዞሯል። ሃያ ዓመት ሙሉ "በአውራ ጣት እንዳትቆጥሩ" እያለ ያስተማረ ሰው፣ ከወር በላይ በከተማው እየዞረ በሠላሳ አንድ ሰው እጅ ላይ የገዛ ልቡን ሲሰማ ከርሟል።

ሽማግሌውን የወሰዳቸው ዕድሜ ነው፤ የቀረነው ሠላሳ ደህና ነን። የታመመው አንድ ሰው ነው።

ልስቅ ይገባኝ ነበር። ነጻ ወጥቻለሁ! አልሳቅሁም። እኔ የተነሳሁበት አልጋ ላይ ሲተኛ ፊቱን አየሁትና ከዚያ ወዲያ አንቱ ማለት አልሆነልኝም። ሸዋንግዛው ፈርቷል። ፍርሃትን እኔ አውቀዋለሁ፣ ስኖርበት ነው ያረጀሁት፤ የእሱ ግን ሌላ ነው። እኔ የምፈራው የማላውቀውን ነው። እሱ ልብ እንዴት እንደምትቆም ደረጃ በደረጃ ያውቀዋል። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ፈትሂያ ሳታነበው እሱ ገልብጦ አነበበው።

"መልእክቱ እየደረሳት አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "ከላይ ይላካል፣ መንገድ ላይ ይቀራል።"

"ዛሬውኑ አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት" አለች ፈትሂያ። "ልብን የሚያስመታ መሣሪያ፣ ፔስሜከር፣ ይገባልዎታል። እስኪገባ ድረስ..." አልጨረሰችውም።

"ከመስቀል በኋላ እሄዳለሁ።"

"ዶክተር፣ ከመስቀል በፊት ሙሉ በሙሉ ልትቆም ትችላለች። ያውቁታል።"

"አውቃለሁ። ከቀረሁ ግን እናቴ ሞቷል ነው የምትለው። እዚያ ቆሜ ካላየችኝ ሌላ ነገር አታምንም። እሷን ገድዬ እኔ ልዳን?" ያን ጊዜ ነው እጄን የያዘው፤ ሊቆጥር አይደለም፣ ዝም ብሎ ያዘው።

"አንተ ተነስ" አልኩት። "እኔ አብሬህ እሄዳለሁ።"

ማን እንደተናገረ ዞር ብዬ ፈለግሁ። እኔ ነኝ። ለምሥራቅ ደወልኩላት፤ እሷም "ልጆቹን ይዤ አገና እገባለሁ፣ አንተ ሰውዬውን እንዳትለቀው" አለችኝ።

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ አውቶቡሱ ባዶ ነበር፤ እኛ ሁለታችን፣ ሹፌሩና ረዳቱ። ወደ ታች የሚመጣው መኪና ግን አያልቅም። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጎማ፣ አዲስ ብረት ድስት ጭኖ፣ በመስኮቱ እጅ አውጥቶ እየጨፈረ አገሩ የሚገባ ጉራጌ ሁሉ ያልፈናል። ሸዋንግዛው በመስኮቱ ያያቸዋል። እኔ በየአሥር ደቂቃው "አለህ?" እለዋለሁ። "አለሁ" ይላል።

ዛሬ መስከረም አሥራ ስድስት ነው። መሣሪያው እስኪገኝ አምስት ቀን ፈጀ፤ ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ መለሱት፣ ሁለቱንም ጊዜ ከእሱ በፊት እኔ ልወድቅ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አስገቡት። ሲገባ ስልኩን ሰጠኝና "እናቴ ከደወለች..." አለ። በሩ ተዘጋ። ነርሷ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል ብላ ነበር፤ አሁን ከገባ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ማንም ወጥቶ አልነገረኝም። ይህን ዓምድ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሆኜ የምጽፈው እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው።

ስልኩ ቅድም ጮኸ። ላላነሳው ፈልጌ ነበር፣ አላስቻለኝም።

"ሸዋንግዛው?" አሉ እማማ ወርቅውሃ። ከጀርባቸው የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ቤቱ ሞልቷል።

"እማማ፣ እኔ ጓደኛው ነኝ። እሱ ትንሽ..." እዋሻለሁ ብዬ ነበር፤ ፈሪ መዋሸት እንኳ አይሆንለትም። "ልቡ ደክማ ሆስፒታል ነው ያለው። እያከሙት ነው።"

ጫጫታው ራቀ። ወደ ደጅ ወጡ መሰለኝ። "ሞቷል" አሉ።

"አልሞተም እማማ!"

"ዛሬ አሥራ ስድስት ነው። ልጄ አልመጣም። ሞቷል። እሺ፣ እሱን ስጠኝ።"

"ውስጥ ነው፣ በሩ ተዘግቷል..." አለቀስኩ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እሳቸው አላለቀሱም።

"አንተ ማነህ? የየት አገር ሰው ነህ?"

"ፈቃደ እባላለሁ። የእዣ ሰው ነኝ፣ አገና።"

"አባት ቤት አለህ?"

"አለኝ።"

"ከብት አልታረደም?"

"ዛሬ ያርዳሉ። ልጆቼም ሚስቴም እዚያ ናቸው።"

"አንተ ግን እዚያ ነህ።"

"እዚህ ነኝ እማማ።"

ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ። "ለሬሳ ብሎ መስቀሉን የሚተው ጉራጌ የለም" አሉኝ። "ሞቶ ቢሆን ለሰው አስረክበህ እስካሁን አገና ገብተህ ነበር። አንተ እዚያ ቁጭ ካልክ ልጄ አለ።"

እኔ የእሳቸውን ያህል እርግጠኛ አልነበርኩም። አሁንም አይደለሁም። በሩን አያለሁ፣ ሰዓቱን አያለሁ፣ እግር ሲሰማ ድንግጥ እላለሁ።

"ትሰማኛለህ?" አሉ። "እስኪወጣ ከዚያ እንዳትነሳ።"

"አልነሳም፣ እማማ።"

አልተነሳሁም።